አቶ ቡዜ መንቀሳቀስ አለመቻላቸውን በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ ስለመጠራታቸው

ቀን፦ እሁድ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካኒሳ አቦ፣ የእድራችን ዕቃ ቤት
የተገኙ፦ አቶ ራጉኤል (ሰብሳቢ)፣ አቶ ከድር (ገንዘብ ያዥ)፣ ወ/ሮ ገዲሴ (ንብረት ክፍል)፣ ወ/ሮ ውዳሴ (ጸሐፊ)

ከአምስት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ ሰብሳቢው በአራት ሰዓት ሲደርሱ ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ በደንባችን አንቀጽ 9 «መንቀሳቀስ የማይችል» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ መወሰን

በአንቀጹ መሠረት ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዛል፤ መንቀሳቀስ የማይችል ከሆነ ግን ይታለፋል። አቶ ቡዜ ከፋሲካ ወዲህ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ስለሆኑ ሦስት ቀብር ቀርተዋል። ስለ እሳቸው ሊያመለክቱ ስብሰባው ላይ የቀረቡት ባለቤታቸው ወ/ሮ ማናዬ «ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሬሳ ሲሸኝ ኖሮ፣ ዛሬ እሱን ቀባሪ ልታሳጡት ነው?» ሲሉ አልቅሰዋል።

አቶ ከድር ሊጠይቋቸው ሄደው በቀኝ እጃቸው ዝንብ ሲያባርሩ ማየታቸውን ገልጸው፣ «ታዲያ ይሄ መንቀሳቀስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?» ብለዋል። ወ/ሮ ገዲሴ የተንቀሳቀሰችው ዝንቧ ናት፣ ደጃፉን ያልተሻገረ ሰው ተንቀሳቀሰ አይባልም ሲሉ ተቃውመዋል። ሰብሳቢው በበኩላቸው እሳቸውም ሁለት ቀብር የቀሩት ብስራተ ገብርኤል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አልሄድ ስላለ መሆኑ ይታወቅልኝ ብለዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ መንቀሳቀስ የማይችል ነው። አልጋ ላይ የተኛ ግን መንቀሳቀስ አለመቻሉን በአካል ቀርቦ ያስረዳል። ጸሐፊዋ ይህን ስጽፍ ማፈሬ ይመዝገብልኝ ብለዋል፤ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ቡዜ መቅረብ

አራት ጎረቤቶች አቶ ቡዜን በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸውና አስቀምጠዋቸው ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ሰብሳቢው «ይኸው መጡ እኮ!» አሉ። መምጣት የቻለ መንቀሳቀስ ስለሚችል አቶ ቡዜ እንዲሰረዙ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ጸሐፊ ድምፅ የላትም ተብሏል።

ወ/ሮ ማናዬ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ሬሳም እኮ መቃብሩ ድረስ በሰው ትከሻ ይሄዳል። እሱንም በእግሩ መጣ በሉታ!» ብለዋል። ሰብሳቢው ይህ በአጀንዳው ውስጥ የለም ብለዋል።

አጀንዳ 3 (በድንገት የተያዘ)፦ አቶ ቡዜን ወደ ቤታቸው ስለመመለስ

ሌላ ተሸካሚ ስለጠፋ ኮሚቴው ራሱ አነሳቸው። የፊቱን ሰብሳቢውና አቶ ከድር፣ የኋላውን ሁለቱ ሴቶች ያዙ። ዳገቱ በዝናቡ ጨቅይቷል። አጋማሹ ላይ ሰብሳቢው ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ አቶ ቡዜ ከቃሬዛው ላይ ሆነው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ራጉኤል። ስረዛውን ተዉትና ቀብር በተጠራ ቁጥር እንዲህ ውሰዱኝ፤ ሁለተኛ አልቀርም» ብለዋል።

ሰብሳቢው ይህን እንደሰሙ ቃሬዛው መሬት እንዲቀመጥና ስብሰባው እዚያው እንዲቀጥል አዘዋል። ያለ ምንም ውይይት ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የታክሲውም ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። አቶ ቡዜም አባል ሆነው ይቀጥላሉ።

ተጨማሪ ሐሳብ እንዳላቸው ሲጠየቁ «አዎ፤ ከመንገዱ መሀል አንሱኝ» ብለዋል። ሐሳባቸው በሙሉ ድምፅ አልፏል።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡20 ተዘግቷል። የኮሚቴው አባላት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን ይዘዋል። አቶ ቡዜ ግን ወ/ሮ ማናዬ ጃንጥላ ይዘውላቸው አሁንም መንገድ ላይ ናቸው።