«እንብላ» ያልኩት ፈረንጅ

ነገሩ በጠቅላላው አሥራ አንድ ምሳ አስወጥቶኛል። ጂንካ ላይ ሚስማርና ገመድ እየሸጥኩ ስንቱን ብልጣብልጥ የሸኘሁ ሰው በአንዲት ቃል ተረታሁ ብል ታምኑኛላችሁ?

አዲስ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች አማርኛውን ከመጽሐፍ ያጠኑታል፤ መግደርደርን ግን ማን ያስተምራቸው? የትምህርት ቤቱ ፈረንጅ ማርቲን በሱቄ ሲያልፍ፣ ጎመኔንና ቆጮዬን አቅርቤ «እንብላ!» አልኩት። የኛ ሰው ቢሆን «ይባረክ» ብሎ ያልፋል። እሱ ታጥቦ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፤ በሠልስቱም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደምሴ «ጌታው፣ ምሳህ ወራሽ አገኘ!» እያለ ሰፈሩን አሳቀበት። ምስኪኑ መምህር «ሆዳሙ ፈረንጅ» ተብሎ ሊቀር ሆነ። ስለዚህ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነገርኩት።

«አንዴ ከጠሩህ ‹ይባረክ› በል። ‹በሞቴ› ብለው እጅህን ከጎተቱህ ግን የምራቸውን ነው፤ ተቀመጥ።»

ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ወዲያ «ይባረክ፣ ጋሼ» እያለ ያልፍ ጀመር። እኔም ብቻዬን ስበላ ጎመኑ አልጥም አለኝ፤ ይሄንን ለደምሴ አልነገርኩትም።

ባለፈው ቅዳሜ ማርቲን ከሱቄ ፊት ለፊት በተከራያት ክፍል በር ላይ ፓስታ ይዞ ተቀምጧል።

«እንብላ፣ ጋሼ!»

«ይባረክ» ብዬ ሳልፍ ሮጦ እጄን ያዘ።

«በሞቴ!»

ደምሴ መቀሱን እንደያዘ አፉን ከፈተ።

«ሰማህ?» አልኩት ደረቴን ነፍቼ፤ «የኔ ተማሪ ነው!»

ፓስታው አልበሰለም ነበር። ጨርሼው ወጣሁ።

ወጪ አሥራ አንድ ምሳ፣ ገቢ አንድ። ቀሪ አሥር።