የሐጂ ተማም ዋይፋይ ቁልፍ

ሰው ምኑን ትቶ ምኑን እንደሚቆልፍ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር የምንኖርበት ግቢ የውጭ በሩ የሚታሰረው በሽቦ ነው፤ ላም ከታከከችው ይፈታል። ዋይፋያችን ግን የባንክ ካዝና ነው።

ካዝና ያደረገው መምህር ብሩክ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ እንደ እኔው የሐጂ ተማም ተከራይ ነው። ሐጂ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ቀን «ኢንተርኔቴ ተንቀራፈፈ፤ ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ በአጥር በኩል እየጠለፈችኝ ይሆን?» አሉ። መምህሩ ይህችን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ዘሎ ተነሳ። የዋይፋይ ፓስወርድ ስምንት ፊደል ከሞላ የፈለጋችሁትን ቃል ይቀበላል። እሱ ግን ቃል የሚባለውን ነገር ናቀ። ሄክስ የሚሉትን አጻጻፍ መረጠ፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ፣ ስልሳ አራት ሆነው የተደረደሩ። ትርጉም የለው፣ ዜማ የለው። «ይህን ማንም አይሰብረውም!» አለና፣ የማናችንንም ስልክ ሳያስገባ ለሥልጠና አሰንዳቦ ሄደ።

በማግስቱ የሐጂ ልጅ የሰሚራ ኒካህ ነበር። ልጅቷ ሪያድ ናት፤ የዚያው ቃዲ ደግሞ «የአባትየውን ፊት ካላየሁ በድምፅ ብቻ አላስርም» ብለዋል። ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። ስልካቸው «ፓስወርድ» ይላል። የእኔ ዳታ አልቋል፤ ልግዛ ብል «ሲስተም የለም።»

ለመምህሩ ደወልኩ። «በመልእክት ላክልኝ» አልኩት።

«ምስጢር በመልእክት አይላክም! ላንብብልህ፣ ጻፍ።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ በሚቆራረጥ ስልክ ምን ልዩነት አላቸው?

«ዲ» አለኝ።

«ቢ?»

«ዲ! የዳቦ ዲ!»

«ዳቦ ውስጥ ቢም አለ እኮ!»

ጽፌ ስጨርስ ስልኩ ስህተት ነው አለኝ። ለካ ዜሮውን ሁሉ ኦ አድርጌዋለሁ፤ ሄክስ ደግሞ ኦ የሚባል ፊደል አያውቅም። እንደገና ጻፍኩ። አሁንም ስህተት። ሰሚራ ደውላ «አባ፣ ቃዲው ሌላ ኒካህ አለብኝ ብለው ሊነሱ ነው!» ስትል ድምፅዋ ለቅሶ ለቅሶ ይል ነበር።

ጫጫታውን የሰሙት አዴ ዘይነባ ሽቦውን ፈትተው ገቡ። ነገሩን ሲረዱ ስልካቸውን አውጥተው ዳታቸውን አጋሩን።

«ያ ሐጂ፣ በእኔ ይግቡ።»

«ፓስወርዱስ?» አልኳቸው።

«ከአንድ እስከ ስምንት ነው፤ ዝም ብለህ ቁጠር።»

ገባ። የሰሚራ ፊት ስልኩን ሞላው። ሐጂ «ልጄን ድሬያለሁ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ አዴ ዘይነባ እልልታውን አቀለጡት። ማን ማንን እንደጠለፈ የጠየቀ አልነበረም።

መምህሩ ሲመለስ ሐጂ «ሰው አፍ የሚገባ ነገር አድርግልኝ። የልጄ ስም ይሁን» አሉት። ስሟ ብቻውን በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ስለማይሞላ «ሰሚራ ጅማ» ተባለ። ሁላችንም ሸመደድነው። ዋይፋዩ ግን አንዳችንንም አላስገባንም። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተማረው ተከራይ የሰሚራን «አይ» ደርቦ ይጽፋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ተማሪ በነጠላ ይጽፋል። እኔ ሁለቱንም ሞከርኩ፤ የጅማን «ኤም»ም አንዴ በነጠላ፣ አንዴ በድርብ። በመጨረሻ መምህሩን ራሱን በየትኛው እንደጻፈው ጠየቅነው።

ስልኩን አውጥቶ ሦስቴ ሞከረ፤ ሦስቴም «ስህተት» አለው። ከዚያ ኮራ ብሎ፣ «ይሄማ» አለ፣ «የደህንነቱ አካል ነው።»