የሲሳይ የቅዳሜ ጾም

ይህን ነገር ያቀበለችኝ የአራተኛ ፎቋ ብርቄ ናት። ሐሰት ካለበት በእሷ ይሁን፤ ማጣፈጫው ግን የእኔ ነው፣ እሱን አልክድም። እኔ ኖርድቬስትሽታት በሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እንደ ጀርመን አሮጊቶች መስኮቴ ላይ ትራስ አንጥፌ፣ በክርኔ ተደግፌ ወጪ ወራጁን ስቆጣጠር የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ዓይኔ ግን ተምሯል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እኛን የፍራንክፈርቶቹን የምታውቁን በፎቶ ነው። በፎቶው ላይ ከኋላችን ሁልጊዜ ፎቅ አለ፤ መስተዋት የለበሰ፣ ጫፉ ደመና ውስጥ የገባ የባንክ ፎቅ። እኛ ከፊቱ እጃችንን ኪሳችን ከተን ፈገግ እንላለን፤ እናንተም ፎቁን ከእኛ ጋር ደምራችሁ ለጎረቤት ታሳያላችሁ። ኪሳችን ውስጥ ከእጃችን በቀር ምንም እንደሌለ ፎቶው አይናገርም። ጉዱ የሚፈላው ዘመድ ቪዛ ያገኘ ዕለት ነው።

ምክንያቱም ከተማዋ እሳት ናት። ተቀምጠው ሻይ ቢሉ ያስከፍላሉ፣ ሻዩን ሊያፈሱ ቢሄዱ ደግሞ መጸዳጃውም በር ላይ የሳንቲም ሳህን አስቀምጣ የምትጠብቅ ሴት አለች። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ አንዳንዱ ይበደራል፤ አንዳንዱ ድንገት የሥራ ሽፍት ይበዛበታል፣ ስልክም አያነሳ። ሲሳይ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ሲሳይ ዘዴ ነበረው።

ሲሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን፣ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ልጅ ነው። መጀመሪያ ያወቃት የጀርመን ቃል «ኮስተንሎስ» ናት ብለው ያሙታል፤ በነጻ ማለት ናት። የትኛው ሙዚየም በየትኛው ቅዳሜ በነጻ እንደሚከፈት፣ የትኛው መደብር ሽቶ ሲያስሞክር እንደማይሰስት፣ የት ቢገቡ ባለ ሳህኗን ሴትዮ እንደማያገኟት፣ ይህን እንደ እሱ የሚያውቅ በመላው ፍራንክፈርት የለም። ይህ ነውር አይደለም። እኔም ከእሱ የተማርኩት አለኝ፤ ሽቶዬን ያሸተተ ይመስክር።

የሚወዳት ልጅ ሮማን ትባላለች። አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ደግ ናት፣ ስስ ናት፣ ደግሞ ቃሏ አንድ ነው። አባቴ በዓይኑ አይቶህ እሺ ካላለ ቀለበት አላጠልቅም አለችው። አባቷ ጋሽ ደምሴ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ፣ የደብራቸው የሰበካ ጉባኤ ሰው ናቸው። ቪዛው ተገኘና በሁዳዴ መጡ። የሮማን ክፍል ለአንድ ሰውም ስለሚጠብ ያረፉት የአጎታቸው ልጅ ብርቄ ቤት ነው። ቅዳሜ ሮማን ሥራ ነበራት፤ ከተማውን አንተ አሳይልኝ፣ አደራ፣ አለችው ሲሳይን። እንግዲህ ፈተናው ይህ ነው። ማታ አባትየው እሺ ካሉ ሠርግ አለ፤ ካላሉ የለም።

ጠዋት ሲሳይ ጫማውን አብርቶ ደረሰ። ብርቄ ለጋሽ ደምሴ የጾም ፍርፍር አቅርባለች። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ገና ሲዘረጉ ሲሳይ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። አባባም እንደዚያው ይሆናሉ ብዬ ነው ውሏችንን ያሰብኩት» አለ።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን የምትስሙት ፈገግ ብላችኋል፤ አውቄባችኋለሁ። ላልገባው ልንገር። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ሥጋና ቅቤ አይበላም እንጂ ሰዓት መጠበቅ የለም፤ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ይበላል። ከፋሲካ ዋዜማዋ ቅዳሜ በቀር ማለት ነው። ሲሳይ ይህን ከየት ይወቀው። ጾም የሚባል ነገር ያየው እናቱ ቤት ሳለ ነው፤ ያን ጊዜም ማድ ቤት ገብቶ ነበር አሉ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ፣ ምሳዋን ከቀኑ ውስጥ ማውጣት።

ጋሽ ደምሴ ግን ያውቃሉ። ያውቃሉና ምን አደረጉ? እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ስእለት ይኖርበት ይሆናል፣ እኔ ሽማግሌው ፊቱ ቁጭ ብዬ ባላምጥ ምን ይለኛል ብለው ነው። እንዲያውም ደስ አላቸው። ሲሳይ ጃኬታቸውን ሊያመጣ ዞር ሲል ብርቄን በጆሮዋ፣ ይህስ ለልጄ የሚሆን ነው አሏት። አያችሁ፣ አንዱ ለኪሱ ጾመ፣ አንዱ ለይሉኝታ ጾመ። ለእግዜር የጾመ አልነበረም።

በሲሳይ የሥራ ቲኬት ቅዳሜ ሌላ ሰው ይዞ መግባት ይቻላል፤ ስለዚህ ኡባኑ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኮስተንሎስ። ፎቆቹ ሥር ፎቶ ተነሡ፤ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ኪሳቸው እንዲከቱ ሲሳይ ራሱ አሳያቸው። ከዚያ ዛይል በሚባለው የገበያ ጎዳና ካለው ትልቅ መደብር ገብተው ሽማግሌው በሁለት ዓይነት ሽቶ ታጠኑ፤ ማታ ሲመለሱ ብርቄ በሩን ሳትከፍት ነው ያወቀቻቸው። በአሳንሰር ጣሪያው ላይ ወጡና ከተማውን ከላይ አዩ። እዚያ ኬክ የሚሸጥበት ቤት አለ፤ ሲሳይ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። ቀጥሎ የማይን ወንዝ ድልድይ፤ የብረቱ አጥር ቁልፍ በቁልፍ ሆኗል። የማን ቤት ቁልፍ ነው ሲሉት፣ የፍቅረኞች ነው፣ ስማቸውን ጽፈው ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ ይጥሉታል አላቸው። ጋሽ ደምሴ አሰብ አደረጉና፣ ከዚያስ ተጋቡ? አሉ። እሱን እንኳ አላውቅም አለ ሲሳይ።

ብርዱ የመጋቢት ብርድ ነው፣ አጥንት ይፈልጋል። የቅዳሜው ነጻ ሙዚየም ገቡ። ጋሽ ደምሴ ከሙዚየሙ የሚያስታውሱት ወንበሩንና መጸዳጃውን ነው፤ ሁለቱንም አመስግነዋል። ሥዕሎቹ መካከል አንዱ ላይ የተቆረሰ ዳቦና ወይን ተሥሎ አገኙ፤ እዚያ ጋ ብዙ ቆሙ። ሲሳይ ሥዕል ይወዳሉ ማለት ነው ብሎ ተደሰተ።

አሁን የምሳው ዘዴ መጣ። መሀል ከተማ ጣሪያ ያለው ገበያ አለ፤ ፍራፍሬው፣ አይቡ፣ ቅመሙ፣ ሥጋው፣ ሁሉ በየመደቡ። ሻጮቹ እንካ ቅመስ ማለት ይወዳሉ። የሲሳይ ሐሳብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌውን ከወይራ ፍሬው ወደ ለውዙ፣ ከለውዙ ወደ ደረቁ ቴምር እያዞረ በቅምሻ ማጥገብ ነበር። ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም ነጻ ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት በእውነት ሻንጣ ሊጭንበት አይገባም ነበር። ቅዳሜ ገበያው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ትንሽ ፈጠን ብለው ገቡ።

አንድ ነገር ግን ረሳ። ወደ ወይራው ለመድረስ በትኩሱ ቋሊማ መደብ በኩል ማለፍ አለ። ቋሊማውን የምትሸጠው ጉንጯ የቀላ ሴትዮ ደግሞ ሲሳይን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ሳይቀምስ አልፏት አያውቅም። ገና ከሩቅ ስታየው ፊቷ በራ። ከትኩሱ ቆረጠችና በሹካ ወግታ ዘረጋችለት። ሲሳይ ከማሰቡ በፊት አፉ ተከፈተ። ልምድ ነዋ። ጎረሰ። እያላመጠ ነው ከጎኑ ማን እንዳለ የታወሰው።

መዋጥም መትፋትም አቃተው፤ ጉንጩን ነፍቶ ቆመ። ሴትዮዋ እንግዳም አይቅርበት ብላ ለጋሽ ደምሴም ቆርጣ ዘረጋች። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአክብሮት እምቢ አሏት። ከመደቡ በላይ ሳቂታ አሳማ ተሥሏል። አሳማውን አዩት፣ ሲሳይን አዩት።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «በሁዳዴ ቅዳሜ እህል ሳይቀምሱ መዋል የለም። ሥጋ ግን ቅዳሜም የለም።» ከዚያ በጣታቸው ወደ ሥዕሉ እያሳዩ፣ «እሱ ደግሞ በፋሲካም የለም።»

ሲሳይ እየተንተባተበ እዚያው ዳቦ በወይራ በገንዘቡ ገዛላቸው፤ በእውነት ገዛ፣ ብርቄ በዚህ ትምላለች። እሳቸው ግን ብርቄ ጋ ፍርፍሬ አለ፣ ይቆየኝ አሉ። ሲመለሱ በመስኮቴ አየኋቸው፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ሲሳይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዞ ከኋላ፣ የሽቶው ሽታ እስከ ሦስተኛ ፎቅ። ለቀብር የሚሄዱ መስለውኝ ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅ ነበር።

ማታ ሮማን የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሮጣ መጣች። እንዴት አገኘኸው አባባ፣ አለች በር ላይ ቆማ። ጋሽ ደምሴ የጠዋቷን ፍርፍር ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ድህነት አላስቀየመኝም፤ እኔም ድሀ ነኝ» አሏት። «ዳቦ ቆርሰን ለሁለት እንብላ ቢለኝ ልጄን እሰጠው ነበር። ለምሳ ሲል እግዜርን ምስክር የሚጠራ ሰው ግን ነገ አንቺን ያስጾምሻል።»

ብርቄ ሮማን ታለቅሳለች ብላ ፎጣ ይዛ ተነሣች። ሮማን ግን አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለችና፣ «ከእኔ ጋር ስንወጣ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሆዱን ያመው ነበር» አለች። «ስንት ጊዜ ጦስኝ አፍልቼለታለሁ።»

እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ደመወዙም ትንሽ ነው፣ ከተማዋም እሳት ናት፣ ሁላችንም ፎቁ ሥር እጃችንን ኪሳችን ከተን ተነሥተናል። ብቻ ቆጥበን ቆጥበን ምን እንደምንቆጥብ አንዳንዴ ይጠፋናል።

ጋሽ ደምሴ በዓሉ ሳይደርስ አገራቸው ገቡ፤ ፎቶው ሳሎናቸው ተሰቅሏል። ሮማን አላገባችውም። ቦናመስ በሚባል ሰፈር ቤት አግኝታ ወጣች፤ ወፍራለች። ብርቄ አሁንም አራተኛ ፎቅ ናት። ሲሳይ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥራ ትቶ ከአገር ቤት ለሚመጡ እንግዶች ፍራንክፈርትን ያስጎበኛል፤ በክፍያ። ምሳ አይጨምርም።