ክቡርነታቸው ያንቀሳቀሱት ወታደር

ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ እጁን አይሰድም። ይህን ደንብ ከማዕድ አልፎ ቼዝ ሰሌዳ ላይ ያደረሰችው ደባርቅ ናትና ምስጋና ይገባታል።

እየሩስ ክረምቱን ሙሉ በስልኳ ‘የስፔን’ የሚባለውን የጨዋታ መክፈቻ ስታጠና ከርማለች። የዳባቱን ተወዳዳሪ ጥበብን ካሸነፈች ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ከዚህ ሌላ ሕልም አልነበራትም። ዕጣ ወጣ፤ ነጭ ደረሳት። እጇን ስትዘረጋ ግን የመድረክ መሪው ቀደማት።

“የመጀመሪያውን እርምጃ የክብር እንግዳችን፣ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ክቡር አቶ ሰብስቤ ያስጀምሩልናል!”

ክቡርነታቸው የቼዝን ፋይዳ ከዘላቂ ልማት ጋር አስተሳስረው በሰፊው ካብራሩ በኋላ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ለንጉሡ ከለላ የሆነውን፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ቶሎ የማይነካውን ወታደር ገፋ አደረጉት። ካሜራው ብልጭ አለ።

“ጋሼ፣ ልመልሰው?” አለች እየሩስ በሹክሹክታ።

“የኃላፊን እርምጃ?” አለ የመድረክ መሪው ደንግጦ።

ልክ ነው፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

ጥበብ በበኩሉ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር አስወጣ። አሁንስ ተራው የእሷ ነው ሲባል ምክትሉ አቶ ገዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምክትል ያልነካው ሥራ በረከት የለውም። እሳቸውም ከአለቃቸው ላለመለየት አጠገቡ ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ አስፈነጠሩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጥበብ ንግሥቱን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

“እህቴ፣ ይህችን ካስቀመጥሁ ማት እኮ ነው፤ ንጉሥሽ መውጫ የለውም። ምን ላድርግ?”

“ተጫወተው። እኔ እንደሆን ገና አልጀመርሁም።”

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ክቡርነታቸው ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር ጠየቁ፤ ማለቁ ሲነገራቸው ፍጥነቱን አደነቁ።

በግምገማው መክፈቻው እጅግ የተሳካ እንደነበረ፣ ክፍተት የታየው አፈጻጸም ላይ ብቻ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። እየሩስም ሂሷን ዋጠች።

በዓመቱ ጥቁር እንዲደርሳት ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ ተሳለች። ስለቷ ሠመረ። ነጩ የደረሰውን ምስኪን እያየች፣ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ክቡርነታቸው ማይኩን ጨበጡ።

“አምና ነጩን ብቻ ማገዛችን ቅሬታ አስነሥቷል። ዘንድሮ ለፍትሐዊነት ሲባል…” አሉና፣ ጠረጴዛውን ዞረው ወደ እሷ መጡ።