ደጃዝማች ከሰኞ ጀምሮ

ከሰኞ ጀምሮ የሚተው ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ጫት ከሰኞ ጀምሮ የሚተው አለ። ከሚስቱ ጋር መጣላት ከሰኞ ጀምሮ የሚተው አለ። እናንተም ቤት አንዱ አይጠፋም፤ ዞር ብላችሁ ብታዩ እዚያው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ታገኙታላችሁ። እኔ ግን የሁሉንም አለቃ አውቀዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ወጥቶ አገር ረጋ ካለ በኋላ፣ ድሬዳዋ ላይ የዚህ ሠራዊት ጦር አዛዥ ሙሴ ፓናዮቲ ነበር። እኛ የመጋላ ሰፈር ሰዎች ማዕረግ ሰጥተነዋል፤ ደጃዝማች ከሰኞ ጀምሮ።

ሙሴ የምንለው ግሪክ ስለነበረ ነው፤ ያኔ ፈረንጅ የሆነ ሁሉ ሙሴ ነው። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ባለችው ክፍል የከተማውን መኪና ሁሉ ፈታትቶ ይገጥማል። አገሩ ደሴት ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ እዚያ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ አንድ ቀን መርፌ እየቀየረልኝ ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ አልደገመውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሲምል "ወላሂ" ነው የሚለው። ሲናደድ "አቦ!" ይላል፤ ከዚህ በላይ የድሬ ልጅ ከየት ይመጣል?

ጆሮው ለጉድ ነበር። እግሬን መኪናዬ ላይ እንዳሳረፍኩ ከውስጥ ሆኖ ይጮሃል፤

"ሙሉ! መኪናሽ ጉንፋን ይዟታል!"

እውነትም ስንከፍታት አንድ ነገሯ ላልቶ ይገኛል። የሰው መኪና ሲታመም ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው፣ የገዛ ጉበቱ ሲጮህ አልሰማም።

መጠጡን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ አንድ፣ ረፋድ ላይ ያችን አንድ ብቸኝነት እንዳይሰማት ሌላ። የመኪና ዘይት የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አረቄ እንደሚደብቅ ያወቅነው የአንዲት አደሬ ደንበኛውን መኪና በስህተት አረቄ ቀብቶ ሲመልስላት ነው። ሴትዮዋ ልብሱ ሁሉ ሸተተብኝ ብላ መጋላን ቀውጢ አደረገችው። ክቡር ደጃዝማች ግን ደረታቸውን ነፍተው "መኪናዋ ግን እንዴት ሮጠች!" አሉ።

እግሩ ሲያብጥና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በፈረንጅ አፍ ነገረኝ፤ አልያዝኩትም። በአማርኛ ያለኝን ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። "ጉበቱ ጠጥሯል። ከእንግዲህ አንድ መለኪያም ለሱ መርዝ ነው። ጨው አይንካ። ነገር መምታታት ከጀመረበት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የሰዓታት ነው።"

ሙሴ ባርኔጣውን አንስቶ በክብር እጅ ነሳና "እሺ ዶክተር፣ ከሰኞ ጀምሮ" አለ።

ሰኞ መጣ። "ሐኪሙ አረቄ አለ እንጂ ወይን መቼ አለ?" ሌላ ሰኞ መጣ። "ቢራ እኮ ውሃ ነው።" ሌላ ሰኞ ደግሞ በእናቱ መቃብር አስማልኩት። ማለ። ማታውን ከዚራ ሰፈር ካለው ቡና ቤት ሲወጣ ያየው ሰው ነገረኝ። ጠዋት ስቆጣው ዓይኑን እንኳ አላሸም፤

"ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ አልጠጣም ብዬ ነው የማልኩት። ከዚራ ከደቻቱ ወዲያ ነው።"

ረመዳን ሲገባማ ከጎረቤታችን ተማም ጋር እጾማለሁ ብሎ ተነሳ። ተማም ሻይ ቤት ያለው ደግ ሰው ነው፤ ደስ ብሎት በማፍጠሪያ ሰዓት ቴምርና ሾርባ ይዞለት መጣ። ሙሴ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ውሎ፣ አዛን ሲባል ከትራሱ ሥር ኮኛክ አወጣ። ተማም ሳህኑን እንደያዘ ቆመ።

"ያ ሙሴ፣" አለው ቀስ ብሎ፣ "ጾሙን ለኛ ተውልን፤ አንተ ኮኛኩን ብቻ ጹምልን።"

እኛ እንስቃለን እንጂ እኔ ውስጤ አይስቅም ነበር። ስፌት ላይ ተቀምጬ ጆሮዬ ከኋላዬ ነው። መዶሻው ሲመታ ልቤ ይረጋል። ዝም ሲል እጄ ይቆማል። "ሙሴ!" እላለሁ። "አለሁ አቦ!" ይላል። እንደገና እሰፋለሁ። በዚያ ዓመት የሰፋሁት ቀሚስ ሁሉ ስፌቱ የተወላገደ ይመስለኛል።

አንድ የክረምት ጠዋት መዶሻው አልተሰማም። ገባሁ። አልጋው ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ከበሮ አክሏል። ቀና ብሎ አየኝና እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና፣

"እባክሽ፣ ወደ ቤቴ ውሰጂኝ፤ ጠፍቶብኛል" አለኝ።

የተቀመጠው የገዛ አልጋው ላይ ነው። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት፣ ስሙን ደጋግሜ ጠራሁት፣ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ። "ቀልዴን ነው" አለ። ቀልድ አልነበረም።

"ተነስ፣ ሆስፒታል።"

"እሺ ሙሉ። ከሰኞ..."

ያን ጊዜ ነው የአባቴ ወግ ትዝ ያለኝ። በድሮ ጊዜ ሰው የበደለውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ የልብሱን ጫፍ ከበዳዩ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ሁለቱ ተጣምረው እስከ ዳኛ ድረስ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ዳኛ ሳይፈርድ የፈታ ሳይሟገት ተረታ። ይህን ወግ ለሙሴ ስፌት ላይ ሆኜ አውርቼለት ነበር። እንዴት እንደወደደው! የሚጨቃጨቅ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ቋጥሪልኝ!" እያለ ይስቅ ነበር።

የነጠላዬን ጫፍ ሳብኩና ከኮቱ ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርኩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ክስ ነው።"

"በምን?"

"ዳኛው ፊት ትሰማዋለህ።"

"ዳኛው ማነው?"

"ሐኪሙ።"

ቋጠሮውን ትኩር ብሎ አየው። ከተማ ውስጥ የእሱን ያህል የተወሳሰበ ክር የሚፈታ ጣት አልነበረም። "አቦ ሙሉ፣ ይሄ ሕግ እኮ ድሮ ቀርቷል" አለ። "ላንተ አልቀረም" አልኩት። ባርኔጣውን አደረገና ተነሳ። ክቡር ደጃዝማች ከመረታት መሄድን መረጡ።

ጋሪ ልጥራ ብል "በጋሪ የሚሄደው በሽተኛ ነው" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ድልድዩ ደግሞ በዚያ እግር ሩቅ ነው። ወደ ሆስፒታሉ በደረቁ የደቻቱ አሸዋ እናቋርጥ ብዬ ወረድኩ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ደመናው ጠቁሮ ተኝቷል። ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ተራራ ላይ የዘነበው ነው ሰው የሚወስደው። ዓይኔ ደመናው ላይ ነው፣ እጄ ክንዱ ላይ ነው። በየጥቂቱ ይቆማል። ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ ነው።

አሸዋው መሐል ስንደርስ የሰው ዓይን ያዘን። እንግዲህ የኛ ሰው፣ ሁለት ሰዎች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው እያየ ዝም ብሎ ያልፋል? አህያ የሚነዳው አህያውን ተወ፣ ልብስ የሚያጥበው ልብሱን ተወ፣ ከበቡን። የግመል ወተት የምትሸጠው ጓደኛዬ ዳሃቦ የወተት ዕቃዋን ታቅፋ እየሳቀች መጣች።

"ሙሉ! ፈረንጅ ቋጥረሽ ወዴት ነው? የሚገኝበትን ንገሪኝ፣ እኔም አንድ ልቋጥር!"

"ልጅ አስወልዶ ክዷት ነው" አለች አንዷ ከኋላ።

"በዚህ ሆዱ? ያረገዘውስ እሱ ነው" አለች ሌላዋ።

"እባካችሁ አሳልፉን፣ ደመናውን አታዩም?" እላለሁ። ማን ሊሰማኝ! ሽማግሌው ሼህ በሺር በትራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ። ቋጠሮ ያየ ሽማግሌ ሳያስታርቅ ካለፈ ነውር ነው።

"ቁጭ በሉ" አሉ።

"ሼህ፣ ጊዜ የለንም..."

"ለእርቅ ጊዜ አይጠፋም። ክስሽን ተናገሪ ልጄ። ምን በደለሽ?"

መጣደፌን፣ ደመናውን፣ ሁሉንም ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሊሞትብኝ ነው" አልኩ። "ክሴ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።"

ዳሃቦ ሳቋን አቆመች። ሼህ በሺር የሙሴን ቢጫ ዓይን አዩ፣ ሆዱን አዩ፣ ያበጠ እግሩን አዩ።

"አንተስ? ምን ትመልሳለህ?"

ሙሴ አንገቱን ደፋ። "እኔ እኮ እሄዳለሁ ብያለሁ ሼህ። ከሰኞ ጀምሮ..."

ሼህ በሺር በትራቸውን ነቅለው ወደ ደንገጎ ጠቆሙበት። "ደቻቱ ሰኞን ይጠብቃል?"

ወዲያው የጎርፉ ድምፅ መጣ። ውሃው ሳይታይ በፊት ድምፁ ነው የሚቀድመው፤ ባቡር ከሩቅ ሲመጣ እንደሚያጉረመርመው። "ውሃ! ውሃ!" ሰዉ እንደ ጤፍ ተበተነ። እኔም ሙሴን ይዤ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ማለት ጎተትኩ። ጥቂት እንደሄድን በጉልበቱ ወደቀ። ነጠላዬ አንገቴን አነቀኝ።

"ፍቺውና ሩጪ!" አለኝ።

"አንተ ፍታው!"

"እኔ አልረታም!"

"እኔም አልረታም!"

ጎርፍ እየመጣ ሁለት ጅሎች አሸዋ ላይ እንከራከራለን። ዳሃቦ ባትኖር ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ አልነበረም። ወተቷን ወዲያ ጣለችና ተመልሳ የሙሴን ቀበቶ ከኋላ ያዘች፤ ሼህ በሺር ከፊት በበትራቸው ሳቡት፣ እኔ ከጎን ተሸከምኩት። ዳርቻው ላይ ተደራርበን ስንወድቅ ውሃው እንደ ቡኒ ግድግዳ አለፈ። የዳሃቦ የወተት ዕቃ መሐሉ ላይ ሲንሳፈፍ አየነው።

"ወተቴ ሄደ!" አለች ዳሃቦ እያለከለከች። ከዚያ ሙሴን በጣቷ ወጋችው፤ "ስማ አንተ ፈረንጅ! ከዚህ ሁሉ በኋላ ብትሞት ወላሂ እኔም እከስሃለሁ!"

ሆስፒታል ስንደርስ ከንፈሩ ዓመድ መስሎ ነበር። ነርሷ ኮቱን ልታወልቅ ብትል ቋጠሮው ከመጎተቱ ብዛት ጠጥሯል። መቀስ አመጣች። ሙሴ ዓይኑን ሳይገልጥ ቋጠሮውን በእጁ ሸፈነው።

"አትቁረጪ። ክስ ነው።"

ነርሷ እብዶች ናቸው ብላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ "ፍጠኑ" ይላል። ሙሴ እጁን አያነሳም። እኔ ጎንበስ አልኩና በጥርሴና በጥፍሬ ፈታሁት። እጁን ራሱ አነሳልኝ።

"ተረታሽ" አለ በሹክሹክታ።

"ተረታሁ። ፍርድህን ተናገር።"

ትንሽ አሰበ። "እኔ ጨው የሌለው ወጥ ስበላ፣ አንቺም ትበያለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክሞት።"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ወሰዱት። እኔ በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ፤ መዶሻ የለ፣ "አለሁ አቦ" የለ። ውሃውን ከሆዱ ሲቀዱለት፣ ሲቃዥ፣ ሰው ሲስት፣ እንደገና ሲመለስ፣ ስንት ጊዜ ወደ በሩ ሄጄ እንደተመለስኩ አላውቅም። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጥቶ "የተበላሸው አይመለስም። የቀረለትን ጠብቁለት" አለኝ። የቀረለት አለ ማለት ነው! እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠበቅንለት። ማዕረጉንም ገፈፍነው፤ ደጃዝማችነቱ ቀርቶ ተራ ሙሴ ሆነ። ተማም ሻዩን፣ ዳሃቦ ወተቷን፣ እኔ ያን የሞተ ወጤን እያቀረብን። በአንድ ሳህን እንበላለን። እሱ ያኝክና ፊቱን አጨማዶ "ሙሉ፣ ይሄ ወጥ ጉንፋን ይዞታል" ይላል። መልአክ ሆነ አልላችሁም፤ አንዳንዴ ጉሮሮው ይጠራዋል። ያን ጊዜ ሥራውን ጥሎ ወደ በረንዳው ይወጣና የኮቱን ጫፍ ይዘረጋልኛል። እቋጥረዋለሁ። እኔ እየሰፋሁ እሱ አጠገቤ እንደ ታሰረ ፍየል ተቀምጦ ጥማቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። መንገደኛው ይስቃል።

ሙሴ ሐኪሙ ከገመተው በላይ ብዙ ክረምት አየ። በሞተበት ቀን መለኪያ ከነካ ዘመን አልፎት ነበር፤ ጉበቱ ግን የድሮውን አልረሳለትም።

ፍርዴ እስኪሞት ድረስ ነበር፤ እንግዲህ ነጻ ሴት ነኝ። የልጅ ልጆቼ ሲመጡ አንድ ጉርሻ ይቀምሱና ይተያያሉ። "እማማ፣ ወጥሽ እኮ ጨው የለውም!" ይሉኛል።

"እሺ ልጆቼ" እላቸዋለሁ። "ከሰኞ ጀምሮ።"