የመሪጌታ ልብና የሐኪሙ ትንበያ

ገና ስላልሆነ ነገር አፍን ሞልቶ መናገር ከባድ ሙያ ነው። እኔ በአርብ ገበያ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደመወዝ የምቀበለው በዚሁ ሙያ ስለሆነ የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ገብሱ ገና ቡቃያ ሳለ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ጽፌ ወደ በላይ አካል እልካለሁ። በመኸር ከአውድማው የሚነሣው ከጻፍኩት ሲያንስስ? ትንበያውን ማን ይነካል! ምርቱን እናርማለን።

ስለዚህ የእናቴ ወንድም መሪጌታ ልባቸው ታሞ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ አስታማሚ ሆኖ የሚከተል የሠለጠነ ሰው ቢፈለግ እኔ መመረጤ ተገቢ ነበር። መሪጌታ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ላይ ድጓ ያስተምራሉ። ልባቸው ግን ዜማው ጠፍቶበታል፤ አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ የቀረበትን ለማካካስ ይመስል ይሮጣል። ማሕሌት ላይ ሁለት ጊዜ መቋሚያቸው ከእጃቸው አምልጦ ወድቀዋል። እንዲህ ከቀጠሉ ተማሪዎቻቸው አኮፋዳቸውን አንግተው ሌላ መምህር ፍለጋ መሄዳቸው ነው። «ጉባኤዬ ከሚበተን እኔ ብበተን ይሻለኛል» ይላሉ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ልብ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ ትነፋለች፤ ከዚያ እንደ ውርጭ ትቀዘቅዝና ምቱን የሚያውከውን ቦታ ጸጥ ታሰኘዋለች። እኛ ጋይንቶች ውርጭን የምናውቀው ገብስ ሲፈጅ ነው። ለመድኃኒት የሚፈልገው ሰው አለ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ሐኪሙ ታዲያ ፊኛዋን ከመንፋቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። ሕመሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነ? ይመጣል ይሄዳል ወይስ ገብቶ ቀርቷል? ሕመሙ ሲቆይ ልብ ይሰፋል፤ የሰፋ ልብ ላይ ደግሞ ሕመሙ ተመልሶ መምጣት ይወዳል። ይህን በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ከአንዲት አስታማሚ እንደ ሰማሁ ሙያዬ ተነሣብኝ።

«የኔታ፣ መቼ ጀመረዎት ሲባሉ ከፋሲካ ወዲህ ይበሉ።»

«ከያዘኝ ስምንት ዓመቱ እኮ ነው!»

«ትንበያው ካማረ ልብዎም ያምራል።»

«ወግድ! ሐኪም ዋሽቼ የምድነው በየትኛው ልቤ ነው?»

ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። መዳን ይፈልጋሉዋ። እኔ መለስኩላቸው፤ «ከፋሲካ ወዲህ።»

ሐኪሙ አልተከራከረኝም። የመሪጌታን ደረት ቅባት ቀብቶ በአልትራሳውንድ የልባቸውን ክፍል ለካ።

«ይሄ ልብ በአንድ ፋሲካ እንዲህ አልሰፋም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«የምርት ትንበያ።»

«ገባኝ» አለ።

ከዚያ መሪጌታን፣ «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እንደ እርስዎ ካሉት በብዙዎቹ ላይ ሕመሙ ይመለሳል። እንሞክረው?» አላቸው።

«ይሞከር።»

ተሞከረ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምቱ ቢዛባ እንኳ እንደ ውድቀት አይቆጠርም ተባልን። ጉድለት የማይቆጠርበት ሩብ ዓመት! ከቅናት ብዛት የእኔም ልብ ተዛባ።

በአራተኛው ወር ተመልሰን ሄድን። ሌት ከቀን ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ደረታቸው ላይ ታስሮ ዋለ፣ አደረ። አንድም መዛባት አልተገኘም። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠና፣ «ይመለሳል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እንኳን ተሳሳትኩ!» ብሎ ሳቀ። ስሕተቱን እንዲህ ደስ ብሎት የሚናገር ባለሙያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«ያን ጊዜ ይመለሳል ያሉት ስለ እኔ ነበር?»

«ስለ እርስዎ ብቻ አይደለም፤ እርስዎን ስለሚመስሉ ሕሙማን ነው።»

«እነሱ ላይ ተመልሷል?»

«በብዙዎቹ ላይ፣ አዎ።»

መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ። «እንግዲያስ የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ። ማሕሌት ስቆም ላስባቸው።»

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የሕሙማኑን መዝገብ ከፈተ። ዕድሜ አለ፤ የልብ ስፋት አለ፤ ሕመሙ የቆየበት ዘመን አለ። ስም የለም። እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ይሁን» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ፣ እየጻፉ። «እኔን የሚመስሉት እላለሁ። ዝርዝሩ ፈጣሪ ዘንድ አይጠፋም።»