ስም አቅኚው አቶ ቀናው

«ስምህ አልያዘኝም» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ከተገኘ እኔ ልቀጣ። በየመንደሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሐኪም ቤቱ አንድ አይጠፋም። እናትና አባትህ መክረው ዘክረው ያወጡልህን ስም በአንድ ትንፋሽ ይሰማና ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ፣ «ይሄማ ያስቸግራል፤ እገሌ ልበልህ» ይላል። የእሱ ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትጎድል ግን ቤት ያቃጥላል።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ የእኛው አቶ ቀናው ነበሩ። በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ አቃቂ ወንዝ ዳር በነበረው የክር ፋብሪካችን የሠራተኛ መዝገብ ያዥ ናቸው። በሌሉበት «ሊቀ መዛግብት» እንላቸዋለን፤ ሲመጡ «ጌታዬ»። ክራቫታቸው በጋ ከክረምት ከአንገታቸው አይወርድም። ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት ብዕር ተሰክቷል፦ ሰማያዊው ስም ለመጻፍ፣ ቀዩ ጥፋት ለመመዝገብ። አያታቸው አገር አቅንተዋል ሲባል ሰምቻለሁ። አገሩ ሁሉ ቀንቶ ስላለቀ ለልጅ ልጃቸው የተረፋቸው ስም ማቅናት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አቃቂ የማይመጣ ሰው አልነበረም። አንዱ በባቡር ከሐረር በኩል፣ አንዱ በጭነት መኪና ከጉራጌና ከስልጤ፣ ሌላው በእግሩ ከሰላሌ ይመጣና ፋብሪካው በር ላይ ይሰለፋል። በሩ ላይ አቶ ቀናው ተቀምጠዋል።

«ስም?»

«ታጁ።»

«ታ... ምን?»

«ታጁ፣ ጌታዬ።»

«ለመዝገብ አይመችም። ታደሰ ብዬሃለሁ። አቀናሁልህ፤ እግዜር ይስጥልኝ በል።»

አልኩ። ሥራ ፈላጊ ሌላ ምን ይላል? ከኋላዬ የቆመው ዱሬሳ፣ ደረሰ ሆኖ ገባ። ዙለይኻ ዘውዲቱ ሆነች። ከሕንድ አገር የመጣው መካኒክ ሚስተር ራጉ እንኳ አልተረፈም፤ «ራጉኤል» ብለው መዘገቡትና መስከረም አንድ ቀን እጁን ይዘው የመልአኩ ዝክር ላይ አስቀመጡት። ሰውየው ሥጋ ስለማይበላ ድግሱን በዳቦ ተወጣው። እኔ ደግሞ፣ እስላሙ ታደሰ፣ ለክርስቲያኖች የሚታደለው የፋሲካ ሥጋ በየዓመቱ ይደርሰኝ ጀመር። ብመልስላቸው፣ «ታደሰ ሆነህ እንዴት አትበላም?» ብለው ተቆጡኝ።

የስም ክምችታቸው ደግሞ ጠባብ ነበር። በ«ፈ» የሚጀምር ስም ይዞ የመጣ ሁሉ ፈቀደ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ፈቀደ ፈለፈሉ። አንዱ ሲጠራ አሥራ አንዱም «አቤት» ይላል። ይህ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በድሮ ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ማለት ነው፤ ያኔ ቀዩ ብዕር ይወጣል።

ፍልስፍናም ነበራቸው። እጃቸውን ወደ ጥጥ መጋዘኑ ዘርግተው፣ «ጥጡ ከተንዳሆም ይምጣ ከአርባ ምንጭ፣ ሲወጣ ክር ነው! ክርን አገርህ የት ነው ያለው ሰው አለ?» ይሉናል። አንድ ቀን ዱሬሳ አላስችል አለውና፣ «ጌታዬ፣ ጥጥ ሲዳመጥ የሚወጣው ፍሬው አይደል? የሚዘራው እኮ ፍሬው ነው» አላቸው።

«ደረሰ፣ ወደ ሥራህ!» አሉት። ቀዩ ብዕር ወጣ።

እንዲህ ስንስቅባቸውና ስንፈራቸው ኖረን፣ አንድ ሐሙስ ዳሲቱ የሚባሉ እናት ከሞጆ በኩል በጧቱ ባቡር መጡ። «ልጄ፣ ፈየራ» ከማለት በቀር አማርኛ አልነበራቸውም። አቶ ቀናው መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ። «አንቺ ሴትዮ፣ ፈየራ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ኖሮም አያውቅም» አሉ፣ በኩራት። እውነታቸውን ነው፤ መዝገቡ ላይ የለም። ዳሲቱ አልሄዱም። በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

ምሳ የምንወጣው በየተራ ነው። የእኔና የዱሬሳ ተራ ሲደርስ ዱሬሳ በኦሮምኛ አነጋገራቸውና ፊቱ ተለዋውጦ ወደ አቶ ቀናው መጣ። «አባትየው እያጣጣረ ነው። ልጄን ሳላይ አልሞትም ካለ ሦስት ቀኑ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ካልተሳፈሩ አይደርሱበትም» አላቸው።

አቶ ቀናው «ፈ» የሚለውን ገጽ ገለጡ። አሥራ አንድ ፈቀደ ተደርድሯል። ሲገቡ ማን ይባሉ እንደነበር አንድም ቦታ አልጻፉም። ተነሥተው ወደ መፍተያው አዳራሽ ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው።

«ስምህ ማነው?» አሉት የመጀመሪያውን፣ ከመኪናው ጩኸት በላይ እየጮኹ።

«ፈቀደ፣ ጌታዬ።»

«እሱን አላልኩም! እናትህ የምትጠራህ!»

«ፈቀደ፣ ጌታዬ። እሷም ፈቀደ ነው የምትለኝ።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም ፈቀደ። ወጥመድ መስሏቸዋል፤ እንዴት አይምሰላቸው? አምስተኛው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ስድስተኛውን በቀጥታ «ፈየራ የምትባለው አንተ ነህ?» ቢሉት፣ «ስሙንም ሰምቼው አላውቅም» ብሎ ማለ። አቶ ቀናው፣ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የሚያልፋቸው አቶ ቀናው፣ አንዱን ተራ ሠራተኛ ክንዱን ይዘው «እባክህ፣ ስምህን ንገረኝ» ሲሉ በዓይኔ አየሁ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ሳልስቀው ጠፋ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ክራቫታቸውን ጎትተው ፈቱና ወደ በሩ ሮጡ። «ይነሡ፣ እመዬ» ብለው ዳሲቱን ደግፈው፣ የውጭ ሰው ድርሽ ወደማይልበት አዳራሽ አስገቧቸው። ከዚያ ወደ ራጉ ዞረው «አቁመው!» አሉ። ራጉ አላመነም። ያን መኪና ያለ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ማቆም ከሥራ ያስባርራል።

«በእኔ ይሁን፣ አቁመው!»

አዳራሹ በሥራ ሰዓት ጸጥ ሲል ሰምተነው አናውቅም ነበር። ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። ዳሲቱ ፊቱን የጥጥ ብናኝ የሸፈነውን ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ አዩ፤ ማንንም መለየት አቃታቸው።

«ፈየራ!» አሉ።

«አዮ!» አለ ስድስተኛው ፈቀደ፣ እናቱን በኦሮምኛ።

ዱሬሳ አፉን ይዞ ቀረ። አራት ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ክር ሲቀጥሉ ፈየራ አንድ ቃል ኦሮምኛ ተንፍሶ አያውቅም፤ መንዜ ይመስለው ነበር። እናትና ልጅ ባቡሩ ላይ ደረሱ። ከፊታቸው ሮጠው ጣቢያው በር ላይ፣ በሩ እንዳይዘጋ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የቆሙት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም። አባትየው ልጁን አይቶ በማግስቱ ዐረፈ።

አስተዳደሩ ለአቶ ቀናው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ተጸጽተው ስም ማቅናታቸውን ተዉ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተዉም። በሳምንቱ አሥራ ሁለተኛውን ፈቀደ መዘገቡ። ግን እርሳስ ገዙ። በየመኪናው እየዞሩ፣ ባቀኑት ስም ጎን፣ ቤት ያወጣውን በትንንሽ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። እኔም ዘንድ ደረሱ።

«የእናትህ ስም... ማለቴ፣ እናትህ የምትጠራህ?»

«ታጁ።»

ጻፉና ሊያልፉ ሲሉ ቆም አሉ። «ሙሉው ይሄ ነው? አባትህ ሲያወጣልህ ታጁ ብሎ ነው?»

ወደ ክሬ ዞርኩ። አላለፉም።

«ታጁዲን ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«ታዲያ ማን ቆረጠው?»

እኔው ነኝ። አዲስ አበባ በገባሁበት ቀን ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አፉ ሲደናቀፍ አይቼ አፈርኩና ቆረጥኩት። እሳቸው በር ላይ ከመድረሴ በፊት ግማሹን ሥራ ጨርሼላቸው ነበር። ይህንን ነገርኳቸው። «ለመዝገብ አይመችም» ብለው አጉረመረሙና ሙሉውን ጻፉት።

ከዚያ ወዲያ አቃቂ ውስጥ በሙሉ ስሜ የሚጠሩኝ አቶ ቀናው ብቻ ነበሩ። «ታጅድን!» ይሉኛል ከሩቅ። አንድ ቀን እንኳ አጥርተው ጠርተውት አያውቁም። እኔም እወዳቸው ነበርና አንድ ቀን እንኳ አላረምኳቸውም።